ቅዳሜ ከጀልባው በፊት፦ አንድ የባሕር ዳር ጠበቃና የነፃ አገልግሎት ዘመናቸው

የጠበቃውን ስም አልጠራም። አንደኛ፣ እሳቸው አይወዱም። ሁለተኛ፣ እዚህ የማነሳቸው ሰዎች ገመናቸውን አምነው የነገሯቸው ናቸው። የእሳቸው ስም ከተጠራ የሌላውም መታወቁ አይቀርም። ባሕር ዳር ምንም ብትሰፋ የድሮ ሰፈርተኛ ሁሉ ይተዋወቃል። ስለዚህ ሰው እንደሚጠራቸው "ጋሼ" ብዬ ልቀጥል።

ጋሼ የጣና ዳር ሰው ናቸው። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። በደርግ ጊዜ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠሩ። በኋላ ሕግ ተማሩ፤ ጥቂት ጊዜ በዳኝነት ሠርተው የጥብቅና ፈቃድ አወጡ። የሥራ ታሪካቸው ይኸው ነው፤ ብዙ የሚያስወራ አይደለም። የሚያስወራው መዝገብ ቤት ሳሉ ያዩት ነገር ነው።

ከሳሽ በቀጠሮው ቀን ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ክፋትም የለበትም። ነገር ግን ከሐይቁ ማዶ የሚመጣ ሰው ጀልባ ካመለጠው ቀረ ማለት ነው። ማዕበል ከተነሳም ቀረ። ለመሳፈሪያ የሚሆን ገንዘብ ካጣም ቀረ። ጋሼ "ተዘግቷል" እየተባለ ወደ መደርደሪያ የሚመለሱ መዝገቦችን በእጃቸው ይዘው ነበር የሚያስቀምጡት። ከእነዚያ ውስጥ ብዙው ተከራክሮ የተረታ ሰው መዝገብ አልነበረም፤ ያልደረሰ ሰው ነበር። ጠበቃ ሲሆኑ ይህን አልረሱትም። አገልግሎታቸውን ሁሉ የቀረጸው ይህ ይመስለኛል።

በወጣትነታቸው ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምረዋል። የሰበካ ጉባኤ አባል ሆነዋል። የእድር ዳኛም ነበሩ። እሑድ ከሰዓት ማረሚያ ቤት ሄደው የታሰሩ ይጠይቃሉ። ይህን ሁሉ ብዙ ምዕመን ያደርገዋል፤ እኔም እንደ ትልቅ ታሪክ አልቆጥረውም። የእሳቸውን ለየት ያደረገው የቅዳሜው ነገር ነው።

ቅዳሜ የባሕር ዳር ትልቁ የገበያ ቀን ነው። የዘጌና የሐይቁ ዳር ሰው ቡናውን፣ ሎሚውን፣ ጌሾውን ይዞ ይመጣል። ጋሼ መጀመሪያ የሚያማክሩት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። የሚመጣው ግን የከተማው ሰው ብቻ ሆነ። እሑድ ማንም ከማዶ ጀልባ ተሳፍሮ ጠበቃ ፍለጋ አይመጣም። ስለዚህ ወደ ቅዳሜ አዞሩት፤ ገበያተኛው ሸጦ ከጨረሰ በኋላ፣ የመመለሻው ጀልባ ከመነሳቱ በፊት። ቦታው ከሐይቁ ብዙ የማይርቅ የአንድ አጥቢያ ቅጥር ግቢ ነው፤ ሾላ ዛፍ ሥር ያለ አግዳሚ ወንበር። ለእኔ ከሥራቸው ሁሉ ብልሁ ይህ የሰዓት ምርጫ ነው። ነፃ አገልግሎት የሚሰጥ ቢሮ ብዙ አይቻለሁ። ሰኞ ጠዋት ተከፍቶ ዓርብ ማታ የሚዘጋ፣ ገበሬ እርሻ ላይ ሲሆን ክፍት፣ ገበሬ ከተማ ሲገባ ዝግ።

የፌዴራሉ የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ደነገገ። ቅዳሜ ለቅዳሜ ሦስት ሦስት ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው 50 ሰዓቷ አራት ወር አትሞላም። ጋሼ ስለዚህ ደንብ ሲነሳ ይስቃሉ። "እኔ ሰዓት የምቆጥረው ጀልባው እንዳያመልጣቸው ነው" ይላሉ።

ዛፉ ሥር ሳንቲም አይነካም። ቡናም፣ ዕንቁላልም አይቀበሉም። አልሰማም ያለ ሰው ያመጣውን ደጀ ሰላም ወስዶ ለአብነት ተማሪዎች ይሰጣል። ከዚህ ይበልጥ ጥብቅ የሆነው ደንባቸው ግን ሌላ ነው። ዛፉ ሥር ያማከሩትን ሰው በኋላ ከፍሎ የሚያቆማቸው ደንበኛ አድርገው አይቀበሉም። ሰውየው ሀብታም ሆኖ ቢገኝ እንኳ ወደ ሌላ ጠበቃ ይልኩታል። ሥነ ምግባሩ ጠበቃ ደንበኛ እያሳደደ እንዲሰበስብ አይፈቅድም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ሰው የሚያማክር ጠበቃ ደግሞ፣ ልቡ ንጹሕ ቢሆንም፣ ወጥመድ ዘርግቶ የተቀመጠ ሊመስል ይችላል። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቻቸውም ይህንኑ አውርተውባቸዋል። ሐሜቱ የቆመው የሚያማክሩት ሰው ወደ እነዚያው ጠበቆች ቢሮ መሄድ ሲጀምር ነው።

አሠራራቸውን ለማሳየት አንድ ጉዳይ በዝርዝር ልንገራችሁ። ከዘጌ የመጣች ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። የቀረላት የቡና ቦታ ነው። ዘጌን ለማያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላይገባ ይችላል። እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፤ አገሬው ከአቡነ በትረ ማርያም ጊዜ ጀምሮ የተከለከለ ነው ይላል። ኑሮው ጫካው ውስጥ ያለው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። የቡና ቦታዋን የተቀማች ሴት "ማሳዬን ለእኩል ልስጥ" የምትለው ነገር የላትም።

የዓመቱን ቡና የለቀሙት የባሏ ወንድሞች ናቸው። እሷ የመጣችው ልትከሳቸው ነው። ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄዳ ዋጋ ጠይቃ ነው የተመለሰችው።

ጋሼ ከፌስታሉ ውስጥ የመሬት ይዞታ ደብተሩን አወጡ። በአማራ ክልል የባልና ሚስት ይዞታ ሲመዘገብ የሁለቱም ስም ይሰፍራል፤ ፎቶግራፋቸውም ይለጠፋል። ገጹን ገልጠው ጣታቸውን ፎቶው ላይ አደረጉ።

"ይቺ ማን ናት?"

"እኔ ነኛ ጋሼ።"

"እንግዲያው ከዚህ የሚያስወጣሽ የለም። አሁን ሌላውን ንገሪኝ። ለምን ለቀሙት?"

ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቃትም ነበር። ራፖር ጸሐፊው የጠየቃት "መቼ ለቀሙ? ስንት ኩንታል?" ብሎ ነው። ለክስ የሚያስፈልገው እሱ ነውና አይፈረድበትም። መልሱ ተዝካር ሆኖ ተገኘ። ወንድሞቹ ለሟች ተዝካር በሬ ገዝተዋል፤ ተበድረው ነው የደገሱት። ማን ስንት እንዳወጣ የጻፈ የለም። ቡናው ሲደርስ "ዕዳችንን እናንሳ" ብለው ገቡበት። እሷ ደግሞ ሊነጥቋት የመጡ መሰላት። ትንሽ ቢቆይ በእርግጥም መንጠቅ ይሆን ነበር፤ ብዙው የመሬት ጠብ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

መክሰስ ትችላለች ወይ? ትችላለች። ለዳኝነት ገንዘብ የሌለው ሰው በደሃ ደንብ ክስ እንዲያቀርብ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ይፈቅዳል። ደብተሯም በእጇ ነው፤ የመርታት ዕድሏ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ከረታች በኋላ የምትኖረው እነዚያው ሰዎች መሐል ነው። ቡናው ሲደርስ የሚጠብቅላት ሰው ያስፈልጋታል። ጋሼ ይህን ነገሯት፤ ምርጫውንም ለእሷ ተዉላት። እሷም "እስቲ ይጠሩልኝ" አለች። በንስሐ አባታቸው በኩል ተጠሩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ታላቅየው ገና ሳይቀመጥ "በሕግ አምላክ! ወንድማችንን አሳረፍን እንጂ አልሰረቅንም!" ብሎ ጮኸ። ጋሼ አንቀጽ አልጠቀሱም። ደብተራቸውን ገልጠው "በሬው በስንት ተገዛ?" አሉ። አንድ ባንድ ማስቆጠር ጀመሩ፤ በሬው፣ ብቅሉ፣ በርበሬው፣ የድንኳኑ ኪራይ። ታናሽየው ጌሾ በስንት እንደገዛ ሲናገር ሴትዮዋ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። "የምን ግዢ! ጌሾው ከእኔ ጓሮ አይደለም እንዴ የተቀነጠሰው?" ቄሱ ሳቁ። ታናሽየው አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በረደ። ከቡናው ሽያጭ የተዝካሩ ወጪ፣ ጌሾው ሳይጨመር፣ ይነሳል፤ የቀረው ለእሷ ይሰጣል። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ያለ እሷ ፈቃድ ማንም አይለቅምም።

ሌላው ሽማግሌ እዚህ ላይ "ይቅር ተባባሉ" ብሎ መርቆ ይነሳል። ጋሼ ግን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበሩ። ሴትዮዋ መፈረም አትችልም፤ የምታደርገው የጣት አሻራ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው አሻራ፣ ሥልጣን ባለው አዋዋይ ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ፣ ያንን ሰው አያስገድደውም ይላል። የወጣው ላልተማረው ጥበቃ ነው። ይሁንና መንደር ውስጥ በሽምግልና የሚጻፉ ስምምነቶች ብዙ ጊዜ የሚፈርሱት በዚሁ በኩል ነው። አሻራው የወንድሞቹም ሊሆን ይችላል። ዛሬ ተስማምቶ ያተመ ሰው ነገ "አልገባኝም ነበር" ሲል ወረቀቱ ዋጋ ያጣል።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዙ። ክሱ እንዲቀርብ አደረጉና፣ እርቁ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 274 እስከ 277 ባለው መሠረት ለፍርድ ቤቱ ቀረበ። ዳኛው ስምምነቱ ከሕግና ከሞራል እንደማይቃረን አይተው መዘገቡት። አሁን ወረቀቱ የሽማግሌ ቃል ብቻ አይደለም፤ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ቀጠሮው ቅዳሜ ሊሆን ስለማይችል ሴትዮዋ አንዴ በሳምንቱ መሐል መምጣት ነበረባት። የዚያን ቀን ጀልባ እንዳያመልጣት ታላቅየው ወንድም ይዟት መጣ። ትናንት ጠላቷ የነበረው ሰውዬ ማለት ነው።

እኔም ጠበቃ ነኝ። በዚህ ጉዳይ የሚገርመኝ ሽምግልናው አይደለም፤ ሽማግሌ በየመንደሩ ሞልቷል። የሚገርመኝ ሽምግልናውንና ፍርድ ቤቱን ያገናኙበት መንገድ ነው። ብዙ የተማረ ጠበቃ ሽምግልናን ይንቃል። ብዙ ሽማግሌ ፍርድ ቤትን ይጠላል። ጋሼ ሁለቱንም ያለ ሐፍረት ይጠቀሙባቸዋል።

ሁሉ ነገር ግን አይሸመገልም። ድብደባ አይሸመግሉም። ዕድሜዋ ሳይደርስ ልትዳር የተባለች ልጅ ጉዳይም አይሸመግሉም። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል፤ እዚያ ላይ ድርድር የለም። አንድ ጊዜ ባሏ የደበደባትን ሴት ሰዎች ይዘዋት መጥተው "ጋሼ፣ አስታርቀው ወደ ቤቷ ይመልሱልን" አሏቸው። አስታራቂ ሆኖ የመጣው የተከበረ ሰው ነበር። ጋሼ ሴትዮዋን ብቻ አስቀርተው አነጋገሯትና ወደ ኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ቅርንጫፍ ላኳት። የተከበረው ሰው ለረጅም ጊዜ ሰላምታ ነፍጓቸው ነበር።

ከሁሉ የከበዳቸው ግን ከገዛ አጥቢያቸው ጋር የገጠማቸው ነው። ሰበካ ጉባኤው በቤተ ክርስቲያኑ ቤት የምትኖር አሮጊት እንድትለቅ ወሰነ። ቤቱ ታድሶ እንዲከራይ ነው። ገቢው ለአብነት ተማሪዎች ቀለብ ይውላል ተባለ፤ ዓላማው መጥፎ አልነበረም። ክሱን እንዲያቀርቡ የተጠየቁት ጋሼ ናቸው፤ የጉባኤው የሕግ ሰው እሳቸው ናቸውና። ችግሩ አሮጊቷ ከዚያ በፊት ዛፉ ሥር መጥታ ስለዚሁ ቤት ያማከረቻቸው መሆኑ ነው። አንዴ ምስጢሯን ሰምተዋል። በእሷ ላይ መቆም አይችሉም፤ ለእሷም በቤተ ክርስቲያኑ ላይ አይቆሙም። ጉባኤው ይህን እንደ ክህደት ቆጠረው። "ለእግዚአብሔር ቤት ያልቆመ ለማን ሊቆም ነው?" ያሉ ነበሩ። ጋሼ ከጉባኤው ለቀቁ፤ ቅዳሴውንም ዛፉንም አልለቀቁም። አሮጊቷ በሌላ ሰው ተሟግታ ኋላ በስምምነት ሌላ ክፍል ተሰጣት።

እንደኔ ልክ ነበሩ። ግን ቀድሞ መታሰብ የነበረበት ነገር ነው። የአንድ ተቋም የሕግ አማካሪ ሆኖ በዚያው ተቋም ግቢ ውስጥ ለሁሉም ሰው ማማከር አብሮ አይሄድም። ከዚያ በኋላ በምንም ኮሚቴ ውስጥ አልገቡም። እድሩ ውስጥም ተራ አባል ሆነው ቀሩ።

የሃይማኖት ነገር ሲነሳ ሁልጊዜ የምትነሳ አንዲት ወሬ አለች። የሙስሊም ነጋዴ ቤተሰቦች በውርስ ተጣልተው መጡ። ጋሼ ቅጥር ግቢ ውስጥ መግባት ይከብዳቸው ይሆናል ብለው ማዶ ካለው ሻይ ቤት አስቀመጧቸው። ሰዎቹ ትንሽ ቆይተው "ጋሼ፣ እዚህ ጫጫታ ነው፤ ዛፉ ሥር አይሻልም?" አሉ። ሄደው ተቀመጡ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። ጋሼ ያንን አስረድተው፣ ከመካከላቸው አንዷ እህት ባትፈቅድስ ምን እንደሚሆንም ነግረው፣ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ሸኟቸው።

ሰው "ለምን ድርጅት አላቋቋሙም?" ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማህበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማህበር በመብት ሥራ እንዳይሰማራ ከለከለ። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ሴቶችን በነፃ ሲያግዝ የነበረው የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ክፉኛ ተጎዳ፤ ሥራውም ቀነሰ። አዋጁ በ1113/2011 እስኪተካ አሥር ዓመት ቆየ። በዚያ ጊዜ የጋሼ ወንበር አልተነካም። በጀት የለው፣ ማህተም የለው፣ ምን ይዘጋበታል?

ይህ ጥንካሬ ድክመትም ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት። እዚያ መምህር ቢለቅ ሌላ ይተካል፤ መዝገብ አለ፤ ተማሪው እየሠራ ይማርበታል። ጋሼ ሲታመሙ ግን ቅዳሜ አልነበረም። ጉልበታቸውን ታመው የተኙ ጊዜ ሰዎች ከማዶ መጥተው ባዶ ወንበር አይተው ተመልሰዋል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ መንገዱም እንቅስቃሴውም ሲታወክ ደግሞ እሳቸው ቢቀመጡም መጪ ጠፋ። መጪዎቹን በስልክ የሚያገኝ ወይም ጉዳዩን የሚከታተልላቸው ጽሕፈት ቤት አልነበረም።

ቤታቸውም ዋጋ ከፍሏል። ባለቤታቸው እትዬ፣ ቡና እያፈሉ፣ "ቅዳሜን ለጀልባ ሰጡ፣ እሑድን ለቅዳሴና ለእስረኛ። እኔ የሰኞ ሚስት ነኝ" አሉኝ። እየሳቁ ነው፤ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። ጋሼ በሥራ ቀናቸው የሚከፈልበት ጥብቅና ባይኖራቸው ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። የንግድና የኮንስትራክሽን ክርክር ነው ቤቱን የያዘው። ነፃ አገልግሎት ሲወደስ ይህ ስለማይነገር ነው ያነሳሁት።

አሁን አርጅተዋል። ሦስት ወጣት ጠበቆች ቅዳሜን ተራ ይዘዋል፤ የአንደኛዋ እናት ድሮ ዛፉ ሥር መጥታ ጋሼን ያማከረች ናት። ወጣቶቹ ገበያው አጠገብ ክፍል ተከራይተው ኮምፒዩተር ሊያስገቡ ይፈልጋሉ። ጋሼ አልተቃወሙም። ሰዓቱ እንዳይቀየር ብቻ ነው የጠየቁት።

የተጣሉት በደብተሮቹ ላይ ነው። ጋሼ የእያንዳንዱን ቅዳሜ ጉዳይ የጻፉባቸው ደብተሮች አሉ፤ የጌሾውም ሒሳብ እዚያ ውስጥ ነው። ወጣቶቹ ለትምህርት እንዲቀመጡ ፈለጉ። አንድ ተመራማሪም ጠይቆ ነበር። ጋሼ እምቢ አሉ። ሰው የነገረኝ ለእኔ ነው፣ የጠበቃ ምስጢር ከጠበቃው ጋር አይወረስም አሉ። ወጣቶቹ "ስሙን እናጥፋው" ብለው ለመኑ። በመጨረሻ የተስማሙት እንዲህ ነው። የስምምነት ቅጂ ያለባቸው ገጾች ተቀደው ለባለጉዳዮቹ ይሰጣሉ። በፍርድ ቤት ያለቀው ቀድሞውንም መዝገብ ቤት አለ። የቀረው ይቃጠላል። ማን እንደሚያቃጥለው ግን ገና አልተወሰነም፤ እትዬ "እኔ እሳት አልሰጥም" ብለዋል።